ለንብ ቀሰም የሚሆኑ ቁጥቋጦዎችን መለየትና ከዘር ማፍላት

ለልማት ሠራተኞችና ንብ ለሚያነቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በመስከረምና በጥቅምት ደጋውና ወይና ደጋው በአደይ አበባ፣ በመጭና በማገጥ ሲሸፈን ስለ ንብ ቀሰም የሚጨነቅ ሰው የለም። ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል፤ ማኅበሩም ሒሳቡን ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥር አልፎ የካቲት ሲገባ ሣሩ ይደርቃል፣ ማሳው ይራቆታል። በመጋቢት ቀፎውን ከፍቶ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የደረቀ የማር እንጀራ፣ ሰፈፉን የሚበላ ትልና ጥቂት የሞቱ ንቦች ነው።

ንቡ ለምን ኮበለለ ተብሎ ሲጠየቅ ጉንዳን፣ ሙቀት፣ የቀፎው ሽታ፣ አልፎ ተርፎም ቡዳ ይጠቀሳል። ጉንዳን በእርግጥ ንብ ያባርራል። ይሁን እንጂ በበጋው መጨረሻ ከሚጠፉት መንጋዎች ብዙዎቹን የሚያስኮበልላቸው ረኀብ ነው። ማሩ በኅዳር ተጠራርጎ ከተቆረጠና በዙሪያው የሚያብብ ነገር ከሌለ ንቡ ያለው ምርጫ መሞት ወይም መሄድ ነው። ይህ ነገር በሽግግር ቀፎም ሆነ ብዙ ገንዘብ በወጣበት ባለፍሬም ቀፎ ውስጥ ያው ነው። ቀፎ ቤት ነው፤ ምግብ አይሆንም። ለማኅበራት ቀፎ ለማደል የሚደረገው ጥረት ግማሹ ያህል እንኳ ለቀሰም ተክል ቢደረግ ኖሮ ዛሬ በየመጋዘኑ ተደርድረው የሚታዩት ባዶ ቀፎዎች ቁጥር ባነሰ ነበር።

ንብ ምን ያህል ርቃ ትቀስማለች?

ንብ አስፈላጊ ሲሆን ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ልትሄድ ትችላለች። ነገር ግን መንገዱ በረዘመ ቁጥር የቀሰመችውን ወለላ ለራሷ የበረራ ጉልበት ስለምታውለው ወደ ቀፎው የሚገባው ይቀንሳል። ስለዚህ ለሥራ የሚጠቅመው በ1 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው መሬት ነው ብሎ መነሣት ይሻላል። ይህም 314 ሄክታር ያህል ይሆናል። ቁጥሩ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ በንብ ማነቢያው አጥር ዙሪያ የተተከሉ መቶ ችግኞች ብቻቸውን ማር አይሞሉም። ሁለተኛ፣ ሥራው የአንድ ሰው ሳይሆን የማኅበር ነው። መቶ አባላት እያንዳንዳቸው በጓሯቸው ወይም በማሳቸው ድንበር 50 ሜትር አጥር ቢተክሉ 5 ኪሎ ሜትር የሚያብብ አጥር ይገኛል። በአንድ ሜትር ርቀት አንድ ችግኝ ቢተከል ደግሞ 5,000 ችግኝ ያስፈልጋል ማለት ነው። ወደዚህ ቁጥር ከታች እንመለስበታለን።

የምንተክለውም ከመስከረሙ አበባ ጋር ለመወዳደር አይደለም። ዓላማው ክፍተቱን መሙላት፣ ማለትም ንቡ ከአንዱ የአበባ ወቅት ወደ ሌላው በሕይወትና በጉልበት እንዲሸጋገር ማድረግ ነው። በክፍተቱ ጊዜ ወለላና የአበባ ብናኝ ያገኘ መንጋ አውራዋ መጣል አታቆምም፤ ዋናው አበባ ሲመጣም ብዙ ሠራተኛ ንብ ይዞ ይጠብቃል። በተራበ መንጋ ላይ ግን አበባው ደርሶ መንጋው ገና ሲያገግም አበባው ያልፍበታል።

ከመትከል በፊት መመልከት

አንዳንድ የልማት ሠራተኛ ከወረዳ የተላከለትን የዘር ዓይነት ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ችግኝ ጣቢያ ይሄዳል። ከዚያ በፊት በቀበሌው ውስጥ ምን እንዳለና መቼ እንደሚያብብ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚበቃው አንድ ደብተርና እግር ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ የተወሰነ መንገድ፣ ለምሳሌ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ በማሳው አልፎ እስከ ተራራው ጥግ፣ በእግር እየሄዱ ያበበውን ሁሉ መመዝገብ ነው። ዓመት ሲሞላ ደብተሩ ላይ ባዶ የሚሆኑት ገጾች የቀበሌውን የረኀብ ወራት ያሳያሉ። በብዙ ቦታ ባዶው ገጽ ከየካቲት እስከ በልጉ ዝናብ፣ ከዚያም በክረምቱ ከባድ ዝናብ ወራት ላይ ይወድቃል። ሆኖም በልግ በሚዘንብበትና በማይዘንብበት አገር ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ የጎረቤት ወረዳን መዝገብ መቅዳት አይጠቅምም።

ተክሉ ለንብ ይጠቅማል የሚባለው አበባው ስላማረ ወይም ነፍሳት ስላንዣበቡበት አይደለም። ዝንብ፣ ቢራቢሮ፣ ተርብና ጣዝማ የሚያዘወትሩት ሁሉ የማር ንብ አይቀስመውም። ሠራተኛው ከአንድ ያበበ ቅርንጫፍ ፊት ቆሞ ለአሥር ደቂቃ የሚመጡትን ንቦች ይቁጠር። ይህንንም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ በቀትርና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይድገመው። አንዳንዱ ተክል ወለላውን የሚሰጠው በጠዋት ብቻ ነውና በቀትር አይቶ ይህ አይረባም ማለት ስሕተት ላይ ይጥላል።

ንቧ ምን እንደወሰደችም መለየት ይቻላል። ምላሷን ወደ አበባው ሥር ሰድዳ ቆይታ ከወጣችና የኋላ እግሮቿ ንጹሕ ከሆኑ የቀሰመችው ወለላ ነው። በኋላ እግሮቿ ላይ ትናንሽ ባለቀለም እንክብሎች ከተለጠፉ ብናኝ እየሰበሰበች ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ወለላ ጉልበትና ማር ይሆናል፤ ብናኝ ግን እጮቹ የሚያድጉበት ሲሆን እርሱ ከሌለ ስኳር ብናበላም መንጋው አይበዛም። በቀፎው በር ላይ ተቀምጦ የሚገባውን ብናኝ ቀለም ማየትና ያንኑ ቀለም በአካባቢው አበባ ላይ መፈለግ ደግሞ ብዙ ድካም የሚያቀል ዘዴ ነው። ልጆች ይህን ሥራ ከእኛ ይልቅ ይወዱታል፤ ይሳካላቸዋልም።

የስም ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሸዋ ሰንሰል የሚባለው ቁጥቋጦ ሌላ ቦታ ስሚዛ ይባላል፤ ግራዋ የሚለውን ስም ለሌሎች ተመሳሳይ ቁጥቋጦዎች የሚሰጡም አሉ። ዘር ከሌላ ወረዳ ሲታዘዝ በአገር ስም ብቻ ከታዘዘ ያልተፈለገው ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቅጠልና አበባ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይደርቅ፤ ቀኑ፣ ቦታውና የአገሩ ስም ይጻፍበት። ራይንሃርድ ፊችልና አድማሱ አዲ በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ቀሰም ዕፅዋት መጽሐፍ በእጅ ካለ ከእርሱ ጋር ማመሳከር ነው። ከዚያ በላይ ካስቸገረ ናሙናውን ለሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ማሳየት ይቻላል።

የትኞቹን እንምረጥ?

ግራዋ (ቬርኖኒያ አሚግዳሊና) በወይና ደጋ አገር ቀዳሚ ቦታ ይሰጠዋል። የሚያብበው ሌላው ሁሉ በሚደርቅበት በበጋው ወራት ነውና ለክፍተቱ የተፈጠረ ይመስላል። ማሩ ጠቆር ያለና መራራ ስለሆነ ገዥ ሊያጉረመርም ይችላል። ነገር ግን ያንን ማር ለንቡ ትቶ በኅዳር የሚቆረጠውን ለገበያ ማቅረብ ይቻላል፤ እንዲያውም ሊደረግ የሚገባው ይኸው ነው።

ትሪ ሉሰርን (ካሚሳይተሰስ ፓልመንሲስ) ከካናሪ ደሴቶች የመጣ ነጭ አበባ ያለው ተክል ሲሆን በደጋ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ውኃ በማይቋጥር መሬት ይስማማዋል። ለከብት መኖ ስለሚሆን ገበሬው በቀላሉ ይቀበለዋል። ጭቅጭቁም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ለመኖ ቶሎ ቶሎ የሚታጨድ ተክል አያብብም። ማኅበሩ አስቀድሞ ተስማምቶ አንዱን ረድፍ ለማጭድ፣ ተከታዩን ለአበባ ቢተወው ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ውኃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ግን ትሪ ሉሰርን ሥሩ በስብሶ ይሞታል። በዚያ ቦታ ውርጭ እስካልበረታ ድረስ ሰስባኒያ ይተከል። ሰስባኒያ ዕድሜው አጭር ቢሆንም ቶሎ ያብባል።

አንፋር (ቡድሊያ ፖሊስታኪያ) ብርቱካናማ ቢጫ ዘለላ አበባው ከሩቅ የሚሸት፣ ንብ የማይለየው ተክል ነው። ድግጣ ቢጫ አበባ ያለው ሲሆን ከብት ብዙም ስለማይደፍረው ልቅ ግጦሽ ባለበት ቀበሌ የመትረፍ ዕድሉ ከሌሎቹ ይበልጣል። አጋም ነጭ ሽታማ አበባ ስላለውና እሾሃማ ስለሆነ ለአጥር ይመረጣል፤ ከልጆች መተላለፊያ ግን ይራቅ። ሰንሰልን በተመለከተ ከዘር ማፍላት ከንቱ ድካም ነው። ቁራጩን በክረምት መግቢያ መሬት ላይ መትከል ይበቃል።

በሰሜኑ አገር፣ በተለይ በትግራይና በወሎ ድንጋያማ ተዳፋቶች፣ መንተሴ ወይም በትግርኛ ተበብ (ቤሲየም ግራንዲፍሎረም) የሚባለው አነስተኛ ቁጥቋጦ አለ። የትግራይ ነጭ ማር ስም የወጣው በአብዛኛው በእርሱ ነው። ይህ ተክል ባለበት አካባቢ ከችግኝ ጣቢያ በፊት ተራራውን ከግጦሽ መከለል ይቅደም። ተከልሎ ያገገመ ተዳፋት ማንም ችግኝ ጣቢያ ሊያፈላው የማይችለውን ያህል ቁጥቋጦ ይሰጣል።

የወፍ ቆሎ (ላንታና) ሁልጊዜ ስለሚያብብ ይተከል የሚሉ ይገኛሉ። አይተከል። ግጦሹን የሚወርር፣ ለከብት መርዛማ የሆነ አረም ነው።

ዘር አሰባሰብ

የዘር እናት የሚሆነው ጤነኛ፣ በደንብ ሲያብብና ንብ ሲጎበኘው የታየ ተክል ነው። በአበባው ጊዜ ጨርቅ ታሥሮበት ምልክት ካልተደረገበት ዘሩ በሚደርስበት ጊዜ የትኛው እንደነበረ ይጠፋል። ከአንድ ተክል ብቻ ሳይሆን ተራራቀው ካሉ ከአሥር በላይ ተክሎች መሰብሰብ ይገባል።

የትሪ ሉሰርን እንክብ ሲበስል ይጠቁርና በፀሐይ ሙቀት ተሰንጥቆ ዘሩን አርቆ ይወረውራል። ስለዚህ መጥቆር ሲጀምር በጠዋት ይለቀም፤ በጆንያ ላይ ተሰጥቶ ሌላ ጨርቅ ይልበስ። አለበለዚያ ማታ ስንመለስ ጆንያው ላይ የምናገኘው ባዶ እንክብ ብቻ ይሆናል። የግራዋ ዘር ጥቃቅንና ፀጉራም ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል። የአበባው ራስ ደርቆ ገለባ ሲመስል፣ ነፋስ ከመነሣቱ በፊት በማለዳ፣ ራሱን በከረጢት ውስጥ አስገብቶ ማራገፍ ነው። ከሚሰበሰበው የግራዋ ዘር ብዙው ፍሬ የሌለው ባዶ ስለሆነ በርከት አድርጎ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ሳይቆይም ይዘራ። የአጋም ፍሬ ጠቁሮ ሲበስል ተለቅሞ ሥጋው በውኃ ይታጠብና ዘሩ ሳይደርቅ ይዘራል።

ሌላው ዘር ሁሉ በጥላ ሥር ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ በጨርቅ ከረጢት ወይም በሸክላ ማሰሮ ተደርጎ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። በላስቲክ ታሽጎ የሚቀመጥ ያልደረቀ ዘር ይሻግታል። በከረጢቱ ውስጥ የተክሉ ስም፣ ቦታውና የተለቀመበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይግባ፤ በውጪ የሚለጠፈው ይረግፋልና።

ከመዘራቱ በፊት መቶ ዘር ተቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሙቀት ባለበት ቦታ ይቀመጥና የበቀለው ይቆጠር። ለአምስት ሺሁ ችግኝ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለሚሞተው መተኪያ አንድ ሺህ ጨምረን 6,000 ችግኝ እንያዝ። ከመቶ 60 የሚበቅል ዘር ከሆነ 10,000 ዘር ይፈለጋል። የትሪ ሉሰርን አንድ ኪሎ 40,000 ገደማ ዘር ስላለው ሩብ ኪሎ ይበቃል ማለት ነው። ሩብ ኪሎ ዘር በአንድ ቀን የሚለቀም ሆኖ ሳለ ማኅበራት ዘር አጣን ሲሉ መስማት ያስገርማል።

ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዘር

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በሥራው መጀመሪያ ዓመታት የሠራውን ስሕተት እዚህ ላይ መጥቀሱ ሳይጠቅም አይቀርም። በአንድ ደጋ ቀበሌ ችግኝ ጣቢያ የትሪ ሉሰርን ዘር እንዳለ፣ በሙቅ ውኃ ሳይነከር፣ በሁለት ሺህ ከረጢት አፈር ላይ አስዘራ። ወር ሙሉ ውኃ ተጠጣ። የበቀለው እዚህም እዚያም ጥቂት ነበር። ዘሩ የሞተ ነው ተብሎ ሊጣል ሲል አንድ ከረጢት ተዘርግፎ ታየ፤ ዘሩ እንደተዘራበት ቀን ጠንካራና ጥቁር ሆኖ ተገኘ። ተለቅሞ በሙቅ ውኃ ተነክሮ ሲዘራ በሳምንታት ውስጥ በቀለ። ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ችግኙ በሐምሌ ለመተከል ስላልደረሰ በነሐሴ መጨረሻ ተተከለ፤ ሥሩን ሳይሰድ ዝናቡ ወጣ፣ የኅዳር ውርጭም መታው። በዚያ ዓመት ከማኅበሩ ቀፎዎች አብዛኞቹ ባዶ ሆኑ። አባላቱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ጉድጓድ ለመቆፈር የመጡት ከግማሽ በታች ነበሩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውኃ ይፈላና ከእሳት ይወርዳል። ለአንድ ብርጭቆ ዘር አሥር ብርጭቆ ያህል የፈላ ውኃ በዘሩ ላይ ይፈስስበትና በራሱ እስኪቀዘቅዝ፣ ከዚያም እስከ ማግስቱ ድረስ ይተዋል። ያበጠው ተለይቶ ወዲያው ይዘራል። ያላበጠው እንደገና የፈላ ውኃ ይደረግበታል። ዘሩን እሳት ላይ እንዳለ ማንተክተክ ግን መቀቀል ነው። ለድግጣና ለሰስባኒያ ለብ ያለ ውኃ አድሮበት ካላበጠ ብቻ ወደ ሙቁ ውኃ መሄድ ይሻላል።

በችግኝ ጣቢያ

በሐምሌ የሚተከል ችግኝ ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ መዘራት አለበት። እንደ አጋም ያለ እድገቱ ዘገምተኛ የሆነ ከዚህም ይቅደም። ለከረጢት የሚሆነው አፈር ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ሆኖ ይነፋል። ለትሪ ሉሰርን ከአሮጌ ትሪ ሉሰርን ሥር የተወሰደ ጥቂት አፈር ይደባለቅበት። በሥሩ ላይ የሚኖሩት ናይትሮጅን የሚሰበስቡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚገኙት ከዚያ ነውና ያለ እነርሱ ችግኙ ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

ትልልቁ ዘር በከረጢት ሁለት ሁለት ሆኖ የራሱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል በአፈር ይሸፈናል። ሲበቅል ደካማው ይነቀላል። ጥቃቅኑ ዘር፣ ማለትም ግራዋና አንፋር፣ በመደብ ወይም በሣጥን ይፈላል። የአንፋር ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ ከደረቅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ይበተናል፤ አፈርም አይጫንበትም። ከላይ ውኃ ከተጠጣ ታጥቦ ይሄዳል። ሣጥኑን ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ አስቀምጦ ከሥር እንዲጠጣ ማድረግ ዋነኛው ዘዴ ነው። አራት ቅጠል ሲያወጣ በጥላና በማታ ወደ ከረጢት ይዛወራል፤ ሲያዙትም ከቅጠሉ እንጂ ከግንዱ አይያዝ።

ችግኝ ከአንገቱ ቀጥኖ መውደቅ ከጀመረ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የውኃና የጥላ መብዛት ነው። ዳሱ ይሳሳ፣ ውኃውም በጠዋት ብቻ ይሁን። ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ጥላው ቀስ በቀስ ተነሥቶ ውኃው እየተቀነሰ ችግኙ ከፀሐይ ጋር ይለማመድ። በየሦስት ሳምንቱም ከረጢቱ እየተነሣ ወደ መሬት የወጣው ሥር ይቆረጥ።

ተከላና እንክብካቤ

ጉድጓዱ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አንድ ወር አስቀድሞ ይቆፈር። ችግኙ የሚተከለው መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ላስቲኩ ተቀዶ ይውጣ። ይህ ለብዙዎች የታወቀ ነገር ቢመስልም ከነላስቲኩ የተተከለ ችግኝ በየዓመቱ ይታያል። አጥር ከሆነ በሜትር አንድ፣ በቦረቦር ዳርና በእርከን ላይ ከሆነ ደግሞ እስከ ሁለት ሜትር እየተራራቀ ይተከላል። አንድ ዓይነት በአንድ ቦታ በርከት ብሎ ቢተከል ይመረጣል፤ ንብ አንድን አበባ ከጀመረች በዚያው መቀጠል ትወዳለችና።

በመጀመሪያው በጋ በግና ፍየል ካልተከለከሉ እስካሁን የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው። ትሪ ሉሰርንን በተለይ በአንድ ቀን ይጨርሱታል። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ የጥበቃውን ተራና የሚያስነካውን ሰው ቅጣት ካልወሰነ ልማት ሠራተኛው ችግኙን ባያከፋፍል ይሻላል። ከቀሰም አጥር አጠገብ ባለ የጤፍና የስንዴ ማሳ ላይ ፀረ ነፍሳት መርጨት ግድ ከሆነ ንቡ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ ማታ ይረጭ። ሁለት ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረምም መጭንና ሌላውን ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ስለሚያጠፋ በድንበሩ ላይ ያለው አበባ እንዳይነካ ነፋስ በሌለበት ሰዓት መርጨት ያስፈልጋል።

የተተከለው ሲያብብ ያ የመጀመሪያው ደብተር እንደገና ይውጣ፤ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት አሥር ደቂቃ ተቆሞ ይቆጠር። ንብ ያልጎበኘው ዓይነት ካለ በቀጣዩ ዓመት አይደገም። ብዙ ንብ በታየበት ላይ የጨርቅ ምልክት ይታሠርበት፤ የሚቀጥለው ዓመት ዘር የሚለቀመው ከእርሱ ነው።